አዲስ ፊት፣ ያው እግር፤ የታደሰው ኪያ ሶሬንቶና የቤተሰብ ኪስ

ልጅ ሲያገባ፣ ሦስተኛው ሕፃን ሲወለድ ወይም የቆየችው መኪና ከሙሳህ አልወጣ ስትል በብዙ ቤት አንድ ዓይነት ወሬ ይነሳል። «7 ሰው የሚይዝ ጂፕ እንግዛ» ይባላል። ወሬው መጀመሪያ በባልና ሚስት መሀል ነው፤ ቀጥሎ ወንድምና እህት ይገቡበታል፤ መጨረሻ ላይ አባት ወይም አያት ይጠራሉ። ሽማግሌው የሚጠሩት መኪናውን እንዲመርቁ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ብዙ ጊዜ ግን የሚጠሩት ብድር ሰጪው ዋስ ስለጠየቀ ነው። ልጁ መክፈል ቢያቅተው ደብዳቤው የሚመጣው ወደ ዋሱ ቤት ነው። እንዲህ ከሆነ ዘንድ ስለ መኪና ማወቅ የወጣት ጉዳይ ነው ብሎ መተው አያዋጣም። የሚፈርም ሰው የሚፈርምበትን ነገር ማወቅ አለበት።

በዚህ ወሬ ውስጥ ስሙ ደጋግሞ ከሚነሳው አንዱ ኪያ ሶሬንቶ ነው። ኮሪያዊ ነው፣ 7 መቀመጫ አለው፣ ከፍ ብሎ የቆመ ነው። አሁን የሚሸጠው አራተኛው ትውልድ የወጣው በ2020 ነበር። በ2023 ፋብሪካው ፊቱን አድሶ፣ ውስጡን ቀያይሮ እንደገና አቀረበው። አዲስ መኪና አይደለም፤ የታደሰ መኪና ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ዋጋ ላይ ሲደረስ ግን ትልቅ ነው።

መልኩን በተመለከተ እውነቱን መናገር ይገባል፤ አምሮበታል። የበፊቱ ፊት ጠበብ ያሉ፣ ወደ ጎን የተዘረጉ መብራቶች ነበሩት። የአሁኑ ግን መብራቶቹ ቁመው ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ከላይ ደግሞ ቀጭን የብርሃን መስመር ወደ መሀል ይገባል። ፋብሪካው ይህን አቀማመጥ «የኮከብ ካርታ» ይለዋል። ስሙ ይቅርና ውጤቱ ግልጽ ነው፤ መኪናው ከሩቅ ሲታይ ከእውነተኛ መጠኑ የሚበልጥ ይመስላል። ኮፈኑ ቀጥ ያለ ነው፤ ፓራውልቱ ከበታቹ ብርማ ነገር ተለጥፎበት የጠነከረ መስሏል። ከመስታወት ወደ ኋላ የሚያይ ሹፌር ይህ ፊት ሲመጣበት መንገድ ይለቃል። ሰው ይህን ይወዳል፣ ለምን ይዋሻል? ከአንድ ክፍል ሽኩን ተነስቶ ቤት የገዛ፣ ልጆቹን ለሠራዊትና ለዩኒቨርሲቲ ያደረሰ ቤተሰብ ደጁ ላይ የሚያኮራ ነገር ቢቆም ነውር የለውም።

ነገር ግን ዓይን ከፊቱ ላይ ተነስቶ ወደ ጎን ይሂድ። በሮቹ፣ ጣሪያው፣ መስኮቶቹ የ2020ዎቹ ናቸው። ርዝመቱ ያው 4 ሜትር ከ80 ገደማ ነው፤ በሁለቱ ጎማዎች መሀል ያለው ርቀትም አልተለወጠም። የኋላው መብራት ተነካክቷል፤ ጎኑ ግን ያው ነው። አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አቁሞ ፊታቸውን በጨርቅ ቢሸፍኑ ከአስር ሰው ብዙዎቹ አይለዩዋቸውም። እንግዲህ ለመታደሱ የሚከፈለው ገንዘብ ባብዛኛው ለፊቱና ለዳሽቦርዱ ነው ማለት ነው።

ወደ ውስጥ ሲገባ 2 ስክሪኖች፣ እያንዳንዳቸው 12.3 ኢንች፣ በአንድ የታጠፈ መስታወት ስር ተያይዘው ተቀምጠዋል። ለዓይን ደስ ይላል። ከስሩ ያለው ቀጭን የመንኪያ ሰሌዳ ግን ነገር አለበት። አንዱ ሰሌዳ ለአየር ማቀዝቀዣውም ለሬዲዮውም ይሠራል፤ አንዱን ለመንካት ሌላውን መቀየር ያስፈልጋል። ለሃያ አምስት ዓመት ወጣት ጨዋታ ነው። በነሐሴ ሙቀት በአሽዶድ ፀሐይ ስር ቆሞ የነበረ መኪና ውስጥ የገቡ የሰባ ዓመት እናት ግን ቅዝቃዜ ጨምሩልኝ ሲሉ ድምፁ ይጨምራል። የድሮው የሚጨበጥ ማዞሪያ ይሻል ነበር። የሚገርመው ማዞሪያ መኖር የሌለበት ቦታ ላይ አለ፤ ማርሹ እንደ ምድጃ ቁልፍ የሚዞር ነው። ለዚህስ ሰው በሳምንት ይለምዳል።

መቀመጫው የዚህ መኪና ትልቁ ጥሩ ነገር ነው። ከመሬት ከፍ ስላለ ጉልበት የሚያማቸው ሰው እንደ ዝቅተኛ መኪና ወደ ጉድጓድ አይወርዱም፤ እንደ ላንድክሩዘርም አይወጡም፤ ወገብን አዙሮ መቀመጥ ነው። በሁለተኛው ረድፍ ሦስት ሰው ይመቸዋል፤ ቀሚስና ነጠላ ለብሰው ለሚሄዱ እናቶችም የበሩ መክፈቻ ሰፊ ነው። ሦስተኛው ረድፍ ሌላ ነገር ነው። ለልጆች ነው። ትልቅ ሰው ቢቀመጥበት ጉልበቱ ወደ አገጩ ይመጣል፤ ከነታንያ እስከ ቤርሼባ እንዲያ መሄድ ቅጣት ነው። ደግሞ ሻጩ የማይናገረው አለ። በሁለተኛው ረድፍ ላይ ሁለት የሕፃን መቀመጫ ከታሰረ ወደ ሦስተኛው ረድፍ መግቢያው ይጠባል። በወረቀት 7 የሆነው መኪና በተግባር 5 ሰው ይሆናል። 7ቱም መቀመጫ ሲሞላ ደግሞ ባጋዡ ውስጥ የሚቀረው ቦታ ለሁለት የገበያ ከረጢት ነው። ሰርግ ወይም ተዝካር ሲኖር ድስቱ፣ የእንጀራው ሳጥን፣ የሕፃኑ ጋሪ የት ይገባል? ሁለተኛ መኪና ይከተላል፣ ያው እንደ ዱሮው።

አሁን ወደ «ጂፕ» ወደሚለው ቃል እንምጣ። በዕብራይስጥ ሰፈር እነዚህን መኪናዎች ጂፖን ይሏቸዋል፤ ትንሽ ጂፕ ለማለት ነው። በአማርኛ ግን «ትንሽ» የምትለዋ ጠፍታ «ጂፕ» ብቻ ቀረች። ከጎንደር ገጠር የመጣ አባት ጂፕ ሲባል የሚታየው ላንድሮቨር ነው፤ ድንጋይ ላይ የሚወጣ፣ ወንዝ የሚሻገር፣ በክረምት ጭቃ ጎማው ተቀብሮ በሰው ጉልበት የሚገፋ። መጥፎ መንገድ ምን እንደሆነ ለእነዚህ ሰዎች ማስተማር አይቻልም፤ በእግራቸው እስከ ሱዳን የለኩት ናቸው። ስለዚህ ልጅየው «ጂፕ ነው አባዬ፣ የትም ይወስደናል» ሲል አባት ያመኑት ቃሉን እንጂ መኪናውን አይደለም።

የመጀመሪያው ሶሬንቶ፣ በ2002 የወጣው፣ እውነትም ወደ ጂፕ የሚጠጋ ነበር። እንደ ጭነት መኪና የብረት ሻንሲ ነበረው፣ አካሉ ከላይ የተጫነበት። ዳገትና ጭቃ የሚያስወጣ ዝቅተኛ ማርሽም ይገኝለት ነበር። በ2009 ሁለተኛው ትውልድ ሲመጣ ያ ሻንሲ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሶሬንቶ የሚሠራው እንደ ማንኛውም የቤተሰብ መኪና ነው፤ አካሉና ወለሉ አንድ ላይ የተበየደ ነው። ይህ በአስፋልት ላይ ይሻላል፤ ይለሰልሳል፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ በግጭትም ጊዜ ሰውን በተሻለ ይጠብቃል። ድንጋይ ላይ ግን አይሻልም። የ2023ቱ መታደስ ከዚህ ምንም አልለወጠም።

ከወለሉ እስከ መሬት ያለው ክፍተት 17 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ለማነጻጸር ሱባሩ ፎረስተር 22 ሳንቲ ሜትር አለው፤ እሱም ቢሆን ራሱን ጂፕ ነኝ አይልም። አራት ሳንቲ ሜትር ተኩል ምን አላት የሚል ካለ፣ የዝናብ ውሃ ቦይ በቆረሰው የጫካ መንገድ ላይ አንድ የወጣ ድንጋይ የሚያልፈውና የሞተሩን ስር የሚመታው በዚያች ልክ ነው። አፍንጫው ረጅም ነው፣ ፓራውልቱም ዝቅ ያለ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ መጀመሪያ የሚነካው ያ ብርማ ጌጥ ነው።

ቀጥሎ የ4 ጎማው ጉዳይ። ሶሬንቶ በሁለት ዓይነት ይሠራል፤ ፊት ጎማ ብቻ የሚጎትት እና 4 በ 4 የሚባለው። ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። ያኛው ፊት ያኮራል ተብሎ ተገዝቶ፣ ከዚያ እርጥብ ሳር ላይ ቆሞ ጎማው ሲሽከረከር «4 በ 4 አይደለም እንዴ?» የሚል ብዙ ሰው አለ። 4 በ 4 የሆነውም ቢሆን አሠራሩን ማወቅ ጥሩ ነው። በመደበኛው ጊዜ ፊት ጎማ ይጎትታል፤ ሲንሸራተት በኮምፒውተር የሚታዘዝ ፍሪሲዮን ጉልበቱን ከፊሉን ወደ ኋላ ይልካል። በረዶ፣ ጭቃ፣ አሸዋ የሚል መምረጫም አለው። መምረጫው ጎማው እንዴት እንደሚሽከረከር ያስተካክላል እንጂ ወለሉን ከፍ አያደርግም፤ የአስፋልት ጎማውንም የገጠር ጎማ አያደርገውም። ለሄርሞን በረዶ፣ ለዝናብ ቀን ዳገት፣ ለተደለደለ የጫካ መንገድ በቂ ነው። ለነጌቭ ናሃሎች አይደለም።

ስለ ናሃል ከተነሳ አንድ ነገር በደንብ መባል አለበት። በክረምት ጎርፍ ሲወርድ 4 በ 4 የሚባል ነገር አያድንም። 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚፈስ ውሃ ከፍ ያለውንም መኪና አንስቶ ይወስዳል። ልጅ አዲስ «ጂፕ» ገዝቶ በሐኑካ ዕረፍት ወደ አራቫ ልወርድ ነው ካለ፣ አባት ስለ ሞተሩ ጉልበት ሳይሆን ስለ አየር ጠባይ ዜና ይጠይቁት።

ደግሞስ፣ ቤተሰቡ በእውነት የሚሄደው የት ነው? ለስግድ ወደ ኢየሩሳሌም፣ ለሰርግ ወደ አዳራሽ፣ ለልቅሶ ወደ ዘመድ ቤት፣ ወታደሩን ልጅ ለማየት ምግብ ይዞ ወደ ደቡብ። ሁሉም አስፋልት ነው። ለነጻነት ቀን ሥጋ የሚጠበስበት የቄረን ቀየመት ጫካ መንገዱ ኮረት ነው፤ እዚያ አሮጌ ማዝዳም ትገባለች። በዓመት ሁለት ቀን ለሚሆን ነገር የ4 በ 4ን ጭማሪ መክፈል፣ ለዓመቱ ሙሉ ደግሞ የነዳጁን ጭማሪ መክፈል፣ ይህ ሂሳብ ትክክል አይመጣም። ይልቅ ለነዚያ ሁለት ቀናት የሚጠቅመው ሌላ ነው፤ የባጋዡን ወለል አንስቶ ስኮርታ ጎማ መኖሩን ማየት። በዘመኑ ብዙ መኪናዎች በጎማ ምትክ የማጣበቂያ ጠርሙስና ትንሽ ፓምፕ ብቻ ይሰጣሉ። የጎማው ጎን በድንጋይ ከተቀደደ ያ ጠርሙስ ምንም አያደርግም።

በሞተሩ በኩል ቅሬታ የለም። በእስራኤል ብዙ የሚታየው ሃይብሪዱ ነው፤ 1.6 ሊትር ቱርቦ ቤንዚን ሞተር ከኤሌክትሪክ ሞተር ጋር። አንድ ላይ ከ200 የፈረስ ጉልበት በላይ አላቸው። 7 ሰው ጭኖ ወደ ኢየሩሳሌም ዳገት ሲወጣ አያለከልክም። በከተማ ውስጥ፣ መብራት በበዛበት፣ ነዳጁ ይቆጥባል፤ በአውራ ጎዳና በፍጥነት ሲነዳ ግን ቁጠባው ይቀንሳል፣ ትልቅ መኪና ነዋ። በሽቦ የሚሞላው ዓይነትም አለ። እሱ የሚያዋጣው ቤቱ ስር የራሱ መቆሚያና መሙያ ላለው ሰው ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር፣ መኪናውን ሁለት መንገድ ርቆ ለሚያቆም ቤተሰብ ከባዱን ባትሪ ባዶውን ተሸክሞ መዞር ነው።

እንግዲህ ዋናው ነገር ዋጋው ነው። በዚህ አገር መኪና ለምን እንደሚወደድ ብዙ ሰው ያማርራል፤ ከፍሎ ግን ሂሳቡን ያየ ጥቂት ነው። ማስ ክኒያ የሚባለው የግዢ ግብር በመሠረቱ 83 ከመቶ ነው። በዚያ ላይ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ 18 ከመቶ የሆነው ማአም ይጨመራል። ወደብ ላይ 100,000 ሸቀል የሆነ መኪና በግብሩ 183,000 ይሆናል፤ ማአም ሲጨመር 216,000 ይጠጋል። ለአካባቢ አየር ጥሩ የሆኑ መኪናዎች ከዚህ ላይ ቅናሽ አላቸው፤ ሃይብሪድ የሚረዳውም እዚህ ላይ ነው። የአስመጪው ትርፍ፣ ማስታወቂያው፣ ያ መስታወት የሆነው አዳራሽ ገና አልተቆጠረም። ባጭሩ ገዢው ለመኪናው አንድ ጊዜ፣ ለመንግሥት ሌላ ጊዜ ይከፍላል።

አንድ ነገር ደግሞ ይታወስ። እስራኤልና ኮሪያ የተፈራረሙት የነጻ ንግድ ስምምነት በታኅሣሥ 2022 መጀመሪያ ሥራ ላይ ሲውል በኮሪያ መኪናዎች ላይ የነበረው 7 ከመቶ ቀረጥ ተነሳ። ያ ቀረጥ የተነሳው ለሕዝቡ ዋጋ እንዲወርድ ተብሎ ነው። በሚቀጥለው ዓመት መኪናው ታደሰ። የታደሰ መኪና ደግሞ አዲስ የዋጋ ዝርዝር ይዞ ይመጣል፤ ስክሪን ተጨመረ፣ መብራት ተለወጠ፣ ስለዚህ ዋጋው ይኸው። በዚህ መሀል ከቀረጡ የተረፈው የት እንደገባ ገዢው ለይቶ ሊያይ አይችልም። መታደስ ለአስመጪ የሚመቸው አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ አሮጌውን ዋጋ ከአዲሱ ጋር ማወዳደር ያስቸግራል።

የዝርዝሩ ዋጋ ደግሞ የመጨረሻ ዋጋ አይደለም። የመመዝገቢያና የማስረከቢያ ወጪ አለ፣ አግራ አለ። አግራው በየዓመቱ የሚከፈል ሲሆን መኪናው ሲወደድ እሱም ይወደዳል። ቢቱአህ ሆቫ እና መኪፍ አለ፤ ቤት ውስጥ ወጣት ሹፌር ካለ መኪፉ ይዘላል። ኢንሹራንሱ በዚህ ዓይነት መኪና ላይ የሌባ መከላከያ አስገጥሙ ሊል ይችላል፤ ያም ገንዘብ ነው። በሥራ ቦታ መኪና የሚሰጠው ልጅ ደግሞ «ነጻ ነው» ይላል፤ ነጻ አይደለም። ሾቪ ሺሙሽ የሚባለው በየወሩ የዝርዝሩ ዋጋ 2.48 ከመቶ ሆኖ በደመወዙ ላይ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ግብር ይከፈልበታል። 250,000 ሸቀል ለሆነ መኪና 6,200 ሸቀል ማለት ነው፤ ሃይብሪድ ከዚያ ላይ ትንሽ ይቀነስለታል።

ደረጃዎችም አሉ፤ ዝቅተኛው፣ መሀለኛው፣ የላይኛው። ሻጩ የሚያሳየው ሁልጊዜ የላይኛውን ነው። የመስታወት ጣሪያ፣ ቆዳ መቀመጫ፣ ትልቅ ቸርኬ። ሞተሩ ግን ያው ነው። ትልቁ ቸርኬ እንዲያውም ለመንገድ ጉድጓድ የባሰ ነው፤ ጎማው ስለሚሳሳ ይመታል፣ ጎማ ሲለወጥም ይወደዳል። በማንኛውም የመኪና ማስታወቂያ ላይ ሕጉ የሚያስገድዳቸው ሁለት ሠንጠረዦች አሉ፤ አንዱ የደኅንነት መሣሪያ ደረጃ ከ0 እስከ 8፣ ሌላው የአየር ብክለት ደረጃ ከ1 እስከ 15። ዕብራይስጥ ለማያነቡም ቁጥሩ ይነበባል። የታችኛውና የላይኛው ደረጃ በደኅንነት ቁጥራቸው እኩል ከሆኑ ልዩነቱ ጌጥ ነው ማለት ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ዋጋው ሳይሆን አከፋፈሉ ነው። ባሎን የሚባለው ብድር በየአዳራሹ በሰፊው ይቀርባል። ለምሳሌ 240,000 የሆነ መኪና ይወሰድ። ቤተሰቡ 60,000 ያስይዛል፤ 90,000 ለመጨረሻ ይቀመጣል፤ የቀረው 90,000 ብቻ በ36 ወር ይከፋፈላል። ከወለዱ በፊት በወር 2,500 ሸቀል ነው። «ከቤት ኪራይ ያነሰ ነው» ይባላል። እውነት ነው፣ በወር ያነሰ ነው። ወለዱ ግን የሚታሰበው ወደ መጨረሻ በተገፋው 90,000 ላይም ጭምር ነው። ሦስቱ ዓመት ሲያልቅ 90,000ው በአንድ ጊዜ ይጠየቃል። ያ ገንዘብ በእጁ ያለው ወጣት ስንት ነው? አብዛኛው ወይ አዲስ ብድር ይወስዳል ወይ መኪናውን ለሻጩ መልሶ በትሬድ ኢን ሌላ አዲስ ይይዛል፤ ባሎኑም አብሮ ይታደሳል። ማሽካንታ ያለበት ቤት ላይ ይህ ሲጨመር ምን እንደሚሆን በየሰፈሩ ያሉ ሽማግሌዎች ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚጠሩት እነሱ ናቸውና።

«ዛሬ ካልፈረማችሁ ቅናሹ ያልፋል» የሚለውን ወሬም መስማት አይገባም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። 0 ኪሎ ሜትር ተብሎ በቅናሽ የሚሸጥ መኪናም ሲገኝ ወረቀቱ ይታይ። ቅናሹ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የመጀመሪያ ባለቤት ተብሎ የተመዘገበው የሊሲንግ ወይም የኪራይ ኩባንያ ከሆነ ነገ ሲሸጥ ገዢው ያንን ቆጥሮ ይቀንሳል።

ርካሹን የሚፈልግ ወጣት ዛሬ ወደ ቻይና ያያል። ቼሪ ቲጎ 8 7 መቀመጫ አለው፣ ዋጋው ከሶሬንቶ ይወርዳል፣ ስክሪኑም አያንስም። ቤንዚኑ ፊት ጎማ ብቻ የሚጎትት ነው፤ ከላይ እንደተባለው ለአብዛኛው ቤተሰብ ያ ጉድለት አይደለም። ጥያቄው ከአምስትና ከስድስት ዓመት በኋላ ስንት ይሸጣል የሚለው ነው፤ የኮሪያዎቹ በዚህ በኩል በአገሩ የታወቀ ታሪክ አላቸው። የማይታወቅ ስም መቼም ያስፈራል። በኦፕሬሽን ሙሴ ጊዜ የመጡ ሰዎች መንገዱ ሁሉ ሱባሩ ሆኖ ያገኙት ሱባሩ ከሌላው ጃፓናዊ ስለሚበልጥ አልነበረም፤ ሌሎቹ ትልልቅ የጃፓን ፋብሪካዎች የአረቦችን ማዕቀብ ፈርተው ስላልመጡ ነው። የኮሪያ መኪና በ1990ዎቹ ሲመጣም ሰው «ቆርቆሮ ነው» ይል ነበር።

ታዲያ ምን ይገዛ? በደንብ የሚያዋጣው ያልታደሰው ሶሬንቶ ነው። በ2021 ወይም በ2022 የወጣ፣ ከአንድ የግል ባለቤት እጅ የሚሸጥ፣ ሃይብሪድ። አካሉ ያው፣ መቀመጫው ያው፣ የሞተሩ ዓይነት ያው ነው። አዲሱ ፊት በመንገድ ላይ በበዛ ቁጥር የአሮጌው ፊት ዋጋ ይወርዳል፤ ይህ ለሻጩ ጉዳት፣ ለሚገዛው ቤተሰብ ግን ጥቅም ነው። የአየር ማቀዝቀዣውን በእውነተኛ ቁልፍ ማስተካከል ደግሞ ምርቃት ነው። የሌዊ ይጽሐቅን የዋጋ ዝርዝር ከፍቶ የመኪናውን ዓመትና የተነዳበትን ኪሎ ሜትር ማመሳከር፣ ቀጥሎ ከሻጩ ጋር በማይተዋወቅ የመመርመሪያ ቦታ ማስፈተሽ ያስፈልጋል። ለምርመራው የሚከፈለው ጥቂት መቶ ሸቀል ብክነት አይደለም።

አዲሱን ካልገዛሁ የሚል ልጅ ካለም መብቱ ነው፤ ገንዘቡ የራሱ ከሆነ። ዋስ የሚፈለግ ከሆነ ግን ሽማግሌው ጥቂት ነገር ይጠይቁ። መጀመሪያ መኪናው ሲሞከር ቤተሰቡ ሁሉ ይሂድ፤ አያት በሁለተኛው ረድፍ፣ ልጆች በሦስተኛው፣ የሕፃን መቀመጫዎቹም ከቤት መጥተው ይታሰሩ። ሻጩ ቢሰለችም ይሰልች፣ ሥራው ነው። ቀጥሎ ሦስት ቁጥር በወረቀት ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ዛሬ የሚከፈለው፣ በየወሩ የሚከፈለው፣ መጨረሻ ላይ በአንድ ጊዜ የሚከፈለው፣ ከነወለዱ ተደምሮ። ወረቀቱ ወደ ቤት ይምጣ። ዕብራይስጥ የምታነብ የልጅ ልጅ አርብ ማታ ጠረጴዛ ላይ ጮክ ብላ ታንብበው፣ አባትም እናትም ይስሙት። ብዕሩ እስከ እሑድ ይቆያል።